አባባ ለታብሌቷ ያልነገሯት

ሰኞ
እኔ ገነት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፦ ለአባባ ጥየቃ የመጣውን ብስኩት የጨረስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እንደሁ ምግብ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሰሊጥ አጨዳ፣ ከአብደራፊ ከተመለሱ ጀምሮ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏቸዋል። የወባ መድኃኒት ሁለቴ ጨረሱ፤ ምንም። ክንዳቸው ቀጠነ፣ ሆዳቸው ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው፤ አንዱ ብርድ፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ይላል።

ማክሰኞ
ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሩ ጋ ሳይገቡ በፊት አንዲት ባለስክሪን ታብሌት ትጠይቃለች፤ በአማርኛ፣ እንደ ሰው እያወራች። አባባ ፖሊስ ጣቢያ የገቡ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
«ዛሬ እንዴት ነዎት?»
«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!»
ደህና ብላ መዘገበች። ቆሞ መሄድ ያቃተውን ሰው!
«ሆድዎ አብጧል?»
«ድሮም ሙሉ ሰው ነኝ።»
ትዕግስቷ ግን ይገርማል፤ አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ ታመጣዋለች። «እርሻው ላይ የት ነበር የሚያድሩት?» ስትል አባባ እማን አየት አደረጉና፣ «ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ። የትራክተር ኃላፊ ነኝ» አሉ። እማ ደረቷን ነፋች። ሌላ ክኒን ይዘን ተመለስን።

ረቡዕ
አብሯቸው የሠራው ጋሽ አያሌው ሊጠይቃቸው መጣ። ስሸኘው፣ «አባትሽና እኔ አንድ ግራር ሥር ነበር የምናድር፤ መሬት ላይ» አለኝ። «ከእኛው መሀል ሁለቱን ካላዛር፣ ያ የግራር ሥር ዝንብ ነድፎ የሚያመጣው በሽታ፣ ይዟቸው ጎንደር ተላኩ። ካልታከሙት ይገድላል። አልነገሯችሁም እንዴ?»
ኃላፊነት የለ፣ አልጋ የለ! ትራክተሩንም የሚያውቁት በአቧራው ነው።
ለሐኪሞቹ ንገሯቸው ብዬ አባባ እግር ላይ ወደቅሁ። «ለእናትሽ ትንፍሽ ብትይ ልጄ አይደለሽም» አሉ። የቀን ሠራተኛ ከመባል መሞት ሊመርጡ ነው። ምን ላድርግ?

ሐሙስ
ጠዋት አፍንጫቸው ደማ፤ አልቆም አለ። በባጃጅ ክሊኒክ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ጋደም አሉ፣ እማ ካርድ ልታወጣ ተሰለፈች፣ ታብሌቷ እኔ እጅ ገባች። አባባን ሆኜ ጻፍኩ፦ ግራር ሥር። መሬት ላይ። ሁለት ወር። ሁለት ጓደኞቼ ካላዛር ይዟቸዋል። ግራ ጎኔ ጠጥሯል።
ታብሌቷ ይሉኝታ አልፈጠረባትም። ላረጋግጥ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው፦ «ለሁለት ወር ዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ አድረዋል። ልክ ነው?» ሰልፉ በሙሉ ዞረ። እማም። «አዎ»ን ነካሁ።
አሁን አባባ ዶክተሩ ጋ ናቸው፤ ደም ተወስዷል። እማ ከጎኔ ናት። ካላዛር ይሁን ብዬ እየጸለይኩ ነው። እብደት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እሱ መርፌ አለው።
በሩ ተከፈተ። አባባ የጎንደር መላኪያ ወረቀት ይዘው፣ መቃኑን ተደግፈው እኔን እኔን ያያሉ።
«አንቺ ገነት!»