የሌቦቹ ቅሬ መዝገብ

ይድረስ ለወንድሜ ለኡበይድ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ስታነሳ ያመመህ ወገብህስ ተሻለህ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ዓይኗ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ልጄ ኑርሀያት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። እኔም እንደምታውቀኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ናፍቆትህን አልጽፈውም፤ ከጀመርኩት ወደ ሌላው አልደርስም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ሥራህና ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውል።

ነገሩ የጓደኛህ የኑርሁሴን እናት የእማማ አሲያ ነው። መሞታቸውን ሰምተሃል። እንዴት እንደተቀበሩ ግን የነገረህ ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖር ኖሮ እስካሁን እኔን በጠየቅከኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ይዘኸው የመጣኸውን ጨዋታ መቼም አትረሳውም። አንተ ዳኛ፣ ኑርሁሴንና ሁለት ጓደኞቻችሁ ሌባ ሆናችሁ፣ በሌለ ከተማ የሌለ ንጉሥ ግምጃ ቤት በአፍ ብቻ ስትዘርፉ ክረምቱን ጨረሳችሁት። ሃያ ፊት ያለውን ጠጠር ከወይራ ጠርበህ አንድ ሳምንት ፈጀብህ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሌቦች ማኅበር በአማርኛ ምን እንደምትለው ቸግሮህ ጠየቅከኝ። አብረው የሚያዋጡ፣ ደንብ ያላቸው፣ አንዱ ሲቸገር ሌላው የሚደርስ፣ ሲሞትም የሚቀብር ከሆኑማ ቅሬ ናቸዋ፣ አልኩህ። ሳቅህና «የሌቦቹ ቅሬ» ብለህ ጻፍከው። ቃሉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።

ደብተሩን ደግሞ ከአባባ ወሰድክ። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ስለነበር፣ ሽፋኑ ላይ «የቅሬ መዝገብ» ብሎ ጽፎ ያስቀመጠው ባዶ ደብተር ነበር። አንተ በውስጡ የሌቦችህን ስምና የሥራ ድርሻ ዘረዘርክበት። ኪስ አውላቂው ማን እንደሆነ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚሄደው፣ ወጥመድ የሚያከሽፈው፣ መልኩን እየለዋወጠ ቤተ መንግሥት የሚገባው፣ የተሰረቀውን ተቀብሎ የሚሸጠው፣ ሁሉም አለ። ሌሎቹ «ጭጋግ» እና «ባለጥላው» የሚል ስም ሲያወጡ፣ ኑርሁሴን በገዛ ስሜ ካልሆነ አልጫወትም አለ። «ኑርሁሴን፣ ቁልፍ ከፋች። መዝጊያ ሳይሰብር ይገባል፤ ዱካ አይተውም» ብለህ ጻፍክለት። ያኔ የቁልፍ ሥራ ገና መማሩ ስለነበር ደስ አለው።

አባባ ካረፈ በኋላ አዲሱ ጸሐፊ ሀሚዱ መጥቶ የቅሬውን መዝገቦች ጠየቀኝ። ሳጥኑን ከፍቼ፣ ሽፋኑ ላይ ቅሬ የሚል ያለበትን ሁሉ ሰብስቤ ሰጠሁት። አልገለጥኩትም። ያ በሰኔ ነው። በጥቅምት የቅሬው ድንኳንና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ከዕቃ ቤቱ ጠፉ። በሩ እንደተቆለፈ ነበር፤ ቁልፉም አልተሰበረም። ሀሚዱ የዕቃ ዝርዝር ልፈልግ ብሎ መዝገቦቹን ሲያገላብጥ ያንተን ደብተር አገኘ። አልፈርድበትም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደሱ ነበር የማስበው።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አስረስ ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ጠሩ። ኑርሁሴን ቀርቦ ተጠየቀ። ጨዋታ ነው አለ። ምን ዓይነት ጨዋታ ቢሉት ማስረዳት አቃተው፤ አንደበቱን ታውቀዋለህ። ማን ጻፈው ቢሉት ያንተን ስም አልጠራም። ዕቃው እስኪገኝ ከቅሬው ይውጣ ተባለ። ከቅሬ የወጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለአንተ አልነግርህም፤ እሳት የሚሰጠው እንኳ የለም።

እኔ በዚያው ቀን ሰማሁ። ወዲያው ገባኝ። ሄጄ ልናገር ሂጃቤን አድርጌ በር ድረስ ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ያኖረበት ሳጥን ውስጥ የሌባ መዝገብ ተገኘ ሊባል ነው፤ እማ በዚህ ዕድሜዋ ይህን ትስማ ወይ፤ እኛንስ ቢያስወጡን፤ እያልኩ። ጁምዓ ይለፍ አልኩ። ጁምዓ አለፈ። ገበያው ይለፍ አልኩ፤ እሱም አለፈ። እማማ አሲያ መታመማቸውን አውቅ ነበር። ፈራሁ ኡበይድ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሞቱ። ጥሪ አልተጠራም። እኔና እማ ገብተን አጠብናቸው። ሌላ ጊዜ ሰላሳ ሰው እየተቀባበለ የሚቆፍረውን፣ ኑርሁሴን ከውጫሌ ከመጡ ሁለት አጎቶቹ ጋር እስከ አሱር ሰላት ቆፈረው። ቃሬዛውን ሦስት ሆነው ሲሸከሙ አንዱ ጥግ እየዘመመ አስቸገራቸው። ሰዉ በየሱቁ በር ቆሞ ያይ ነበር። የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ግን ከቆሙበት አልወረዱም።

በማግስቱ ጋሽ አስረስ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅዳሜ ቅሬውን ሰበሰቡ፤ በወንዶቹ መካከል ቆሜ ተናገርኩ። አንዱ ዳኛ ይሆናል፣ ሌሎቹ እንዲህ አደረግን ይላሉ፣ ጠጠር ይጣላል፣ ዳኛው ተሳካ ወይም አልተሳካም ይላል፣ አልኳቸው። ሽማግሌዎቹን ነገሩ ሳባቸው። አንዱ፣ ከሁሉም ዋናው የተሰረቀውን የሚሸጠው ነው፤ እሱ ከሌለ ሌላው በከንቱ ይለፋል፣ አሉ። ሌላው፣ የለም፣ ዋናው ወሬ የሚያቀብለው ነው ብለው ተከራከሩ። ለቀብር ያልወጡ ሰዎች ለሌለ ከተማ ሌባ ሥራ ሲያከፋፍሉ ቆሜ ሰማሁ። ጋሽ አስረስ በመጨረሻ፣ ጨዋታ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ አሉኝ። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው። «ጠጠሩ ሁለት ወጣ። ኑርሁሴንን ዘንዶ በላው» ይላል። ኑርሁሴን ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ጋሽ አስረስ ቅጠሉን ገልብጠው ቀጥሎ ያለውን ጮክ ብለው አነበቡ። «ደንብ አንድ። የቅሬው አባል ወይም ቤተሰቡ ሲሞት፣ በመካከላችን ጠብም ሆነ ክስ ቢኖር፣ ሁሉም ወጥቶ ይቀብራል። ሌቦች ነን እንጂ አውሬዎች አይደለንም።» አንተ ይህን የጻፍከው ለቀልድ ይሁን ከልብህ አላውቅም። ጋሽ አስረስ ተነሱና፣ ኑርሁሴን፣ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን አሉት። ሰዉም ተነሳ። ወደ ቅሬው እንዲመለስ፣ ለእናቱም ሰዉ ሁሉ ባለበት እንደገና ዱዓ እንዲደረግ ለመኑት።

ኑርሁሴን፣ ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ አለ። ከዚያ ደብተሩን ከጋሽ አስረስ እጅ ወሰደ። እኔ የዚህኛው ቅሬ አባል ነኝ፣ አለና ብብቱ ሥር አድርጎት ሄደ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ድንኳኑም አልተገኘም።

ማክሰኞ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሱቁ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስንት ቀን ዝም አልሽ አለኝ። እማማ እስኪሞቱ ስድስት ቀን አልኩት። ሰምቶኝ ወደ ሥራው ዞረ። እኔም ወጣሁ። አንተ ግን ደውልለት። እኔን አስታርቀኝ ብዬ አይደለም፤ እሱን አታንሳበት። ስለ እናቱ ብቻ አነጋግረው።

እማ ሰላም ብላሃለች፤ ዱዓዋ ካንተ ተለይቶ አያውቅም። ኑርሀያት አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ጋሽ አስረስ ጽሑፍህ ያማረ ነው በይው ብለዋል። ሀሚዱም ተሳቆ ሰላም ብሎሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች በሙሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከኑርሁሴን የመጣ ሰላምታ የለም፤ ላክለት ብዬም ልጠይቀው አልደፈርኩም።

እህትህ ሳጂዳ
ሐይቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.