ስለ ባለቤቴ ድምፅና ስለ «አፈር ስሆን»

ለተከበሩ የአፍሪካ ቋንቋዎችና ባህሎች ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ስብሰባ የማያልቅበት ሰው ብርቱ ጤና ያስፈልገዋልና ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ደጅዎን ስጠና የከረምኩት ሽማግሌ ነኝ። በበርዎ መግባት ስላልተፈቀደልኝ በጋዜጣ መጥቻለሁ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ተማሪዎችዎ ቤታችን መጥተው፣ «እማማ፣ እኛ እንደሌለን ሆነው ያውሩ» ብለው ንግግሯን ቀድተዋል። ከሞተች ወዲህ ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ጠየቅሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው፦

፩. የድምፅ ክፍሉ ለተማሪ ብቻ መሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳና ከአሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ፣ የሚስትን ድምፅ ለመስማት የተማሪ መታወቂያ እንደሚያስፈልግ የትም አላነበብኩም ነበር።

፪. የተናጋሪዋን የጽሑፍ ፈቃድ እንዳመጣ መታዘዜ ጥንቃቄዎን ያሳያል። መቃብሯ ድረስ እስክሪብቶ ይዤ ሄጃለሁ። መልሷ እንደደረሰኝ ሳልውል ሳላድር አሳውቅዎታለሁ።

፫. ኮሪደርዎ ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን ጥናት ቆሜ አነበብኩ። ባለቤቴ እዚያ «መረጃ ሰጪ፣ ሴት፣ አሮጊት» ትባላለች። ከሥሩ ደግሞ፣ በዚህ ማኅበረሰብ ባል የሚበላው ሚስቱ ከተቀበረች በኋላ እንደሆነ ተጽፏል፤ ማስረጃውም «አፈር ስሆን ብላ» ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ቢኖረን ኖሮ፣ ክቡርነትዎ፣ ጥናትዎን የሚያነብ ባል በሕይወት ባልተገኘ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ተማሪዎችዎ ሳይጠይቁኝ ሳሎኔን ስለያዙ አኩርፌ ምሳ አልበላም አልኩ፤ ዛሬም እንዲያ ቢያደርጉኝ አልበላም። እሷም ሳህኑን እያስጠጋች፣ «አንተ ግትር፣ ከእንግዳ ጋር ነው እንጂ ከሆድህ ጋር ምን አጣላህ? አፈር ስሆን ብላ» አለችኝ። ይህ ልመና ነው። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን የምትለምንበት ነው። ይህን የማያውቅ የቋንቋ ትምህርት ክፍል፣ ድምፁን ቆልፎ ማስቀመጡ ለመስማት ካለው ችሎታ ጋር ይስማማል።

ከተዘጋው በርዎ ማዶ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የ«መረጃ ሰጪ፣ ሴት፣ አሮጊት» ባል

የቀረ ነገር፦ ጥናትዎ በአንድ ነገር አልተሳሳተም፤ ባለቤቴ አፈር ሆናለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ምሳዬን ይዤ ኮሪደርዎ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር እቀመጣለሁ። «ብላ» የሚለኝን ድምፅ ካላሰማችሁኝ አልበላም። ግትርነቴን ከተጠራጠሩ ማስረጃው እርስዎ ዘንድ ተቆልፎበታል።