ለደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤ ስለ ባነሩ ጣት

ለተከበሩ የክለባችን ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ባለፈው እሁድ ሲጮኹ ድምፅዎ እንደተዘጋ ሰምቻለሁና ጉሮሮዎ ተሽሎት፣ ባለቤትዎና ልጆችዎም ደኅና ሆነው ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደኅና አይደለሁም ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ከሰላምታ በፊት እሮሮ ማሰማት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝን ሰዎች ማሳፈር ይሆንብኛል። ሰሞኑን ካፈርኩት በላይ ማፈር አልፈልግም።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለማያውቁኝ ልናገር። ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን በምትገኘው ጠባብ ሱቅ የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። የክለባችንን ባንዲራ፣ የልጆቹን ማልያ፣ በጨዋታ ቀን ከላይኛው መቀመጫ እስከ አጥሩ የሚወርደውን ትልቅ ባነር የሰፋሁት እኔ ነኝ። «ጌጣችን» እያልን የምንጠራው አጥቂ ጎል ባገባ ቁጥር ወደ ማዕዘኑ ሮጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ እንደሚያደርግ፣ ስታዲየሙም በሙሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እንደሚመልስለት ሕፃን አዋቂው ያውቃል። ተጋጣሚን ዝም አሰኘነው ማለታችን ነው። ባነሩ ላይ ያለው ፊትም፣ ከንፈሩ ላይ የቆመው ጣትም የእኔ የእጅ ሥራ ነው፤ ሰው ሲያደንቀው ደረቴን ነፍቼ እንደኖርኩ አልክድም።

ጌጣችን በአንዲት የክለቡ ሠራተኛ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ መከሰሱን አገር ሰምቷል። ጋዜጣው የሠራተኛዋን ስም አልጻፈም፤ እኔም አልጽፍም። ነገር ግን በእሷ ፈቃድ የማን ልጅ እንደሆነች ልንገርዎ፤ የእኔ የመጀመሪያ ልጅ ናት። በክለቡ የሕክምና ክፍል ረዳት ሆና የተጫዋቾቹን ጡንቻ የምታሸው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን የምታስረው፣ ዋንጫ ሲነሣ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊቷ የሚታየው ልጅ እሷ ናት። ይህን ደብዳቤ ሳይላክ አንብባዋለች። «ምስኪኗ ልጄ» ብዬ በጻፍኩበት ቦታ ላይ «ምስኪኗ» የሚለውን ሰርዛ መልሳልኛለች፤ ሌላውን እንዳለ ትታዋለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ «ሆቴል ምን ልታደርግ ሄደች?» የሚለውን ጥያቄ በሬዲዮ ስለጠየቁልን አመሰግናለሁ። እርስዎ ከጠየቁ በኋላ ጥያቄው በየታክሲው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ስለተዳረሰ የሚጠይቀው ያጣ ሰው አልነበረም። መልሱን ለማግኘት ግን ሬዲዮ ጣቢያ ድረስ መድከም አላስፈለገዎትም ነበር፤ ከእርስዎ ቢሮ ፊት ለፊት የተቀመጠው የቡድኑ ሐኪም ይነግርዎ ነበር። የጌጣችን ጉልበት አብጧል፣ በረዶና ፋሻ ይዘሽ ቶሎ ድረሺ ብሎ በስልክ የላካት እሱ ነው። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የበረዶውን ከረጢት አንጠልጥላ ተጫዋቾቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለፖሊስ ነግራለች፤ እኔ እዚህ አልደግመውም። የላካት ሰው ዛሬም በሥራው ላይ ነው፤ የተላከችው ግን «ትንሽ ዕረፊ» ተብላ ቤት ተቀምጣለች። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ብቻዎን ብወቅስ ግፍ ይሆንብኛል። ወሬው በሬዲዮ የመጣ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወደ ሱቄ ብቅ ብሎ ሰማህ ወይ ሲለኝ፣ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደጣልኩ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ወንድ ክፍል ምን ትሠራለች ብዬ መለስኩለት። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፣ አፌ ግን የዚያን ቀን አመለጠኝ። እሷ ቁልፉን መትከሏን ቀጠለች። ወደ ማታ ሸሚዙን ሳነሣው ቁልፎቹን በሁለቱም የደረት ጎን አሳልፋ ሰፍታ ሸሚዙ እንዳይከፈት ዘግታዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መርፌ ይዛ ያደገች ልጅ ይህን ስትሠራ ምን ሆነሽ ነው ብሎ መጠየቅ አባትነት ነበር። እኔ ግን የሰው ልብስ አበላሸሽ ብዬ ተቆጣኋት።

ሁለተኛ፤ ስላለፈው እሁድ አመሰግናለሁ። የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ኳስ አይጫወት የሚል ሕግ የለም፤ ቢጫወትም ቅር አይለኝም። እኔን የከነከነኝ እርስዎ ከጨዋታው በፊት ማይክራፎን ይዘው፣ ዛሬ ጎል ሲገባ ማንም ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሳያደርግ እንዳይቀር፣ ለስም አጥፊዎች መልስ እንስጥ ማለትዎ ነው። ጎሉ ገባ። ጌጣችን ወደ ማዕዘኑ ሮጠ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙ አባቶች፣ እናቶች፣ አስተማሪዎች፣ እርስዎም፣ ሁላችንም ጣታችንን አነሣን። እኔም በዚያ ውስጥ ነበርኩ። ከሳሿ ማን እንደሆነች ገና አላወቅኩም ነበር፤ ባላውቅስ? የሰው ልጅ አይደለችም? ለማን መልስ እንደምሰጥ ሳልጠይቅ ጣቴን አንሥቼ እስቅ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ካሜራ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእኔን መላጣ መርጦ አቅርቦ አሳየ። ልጄና እናቷ ቤት ሆነው ያዩ ነበር።

እኔ ድል አድርጌ፣ ድምፄ ጠፍቶ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። የልጆቼ እናት በር ላይ ቆማ ጫማህን አታውልቅ፣ መጀመሪያ ልጅህን ስማት አለችኝ። ልጄም ነገረችኝ። ያቺ ሠራተኛ እሷ መሆኗን ነገረችኝ። ክፍሉን ከፍቶ ሲያስወጣት ጌጣችን በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያደረገውንም ነገረችኝ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ጣት እንዳታይ ዓይኗን ስታሸሽ ኖራ፣ በአባቷ አፍ ላይ አየችው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለውን ሰዎች ለማጋነን የሚሉት ይመስለኝ ነበር። እውነትም እግሬ ሥር ያለውን ምንጣፍ እያየሁ የምገባበት ቀዳዳ ስፈልግ ነበር። ይቅር በይኝ እንኳ ለማለት ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ፤ ድምፄን ለእሱ ጮኼ ጨርሼው ነበርና።

ሦስተኛ፤ በክብር ቤታችን ድረስ ስለመጡልን አመሰግናለሁ። ልጅቷ የማን እንደሆነች ክለቡ ውስጥ ሲታወቅ እርስዎ፣ ምክትልዎና «ፊሽካ» የምንላቸው ጡረተኛው ዳኛ ለሽምግልና መጣችሁ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ምክትልዎ የስፌት መኪናዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ልጅ ናት፣ በደንብ ሳይግባቡ ቀርተው ይሆናል፣ ክሱን ታንሣና ዋንጫው ይለፍ አሉን። ልቧ ቢሰበርም ከዋንጫው በኋላ ቢሰበር ለሁሉም ይመች እንደነበር ተረድተናል። ከፍጻሜው ጨዋታ በፊትም ሜዳ ገብታ እጁን ብትጨብጠው ሕዝቡ እንደሚደሰት አስረዱን፤ ሕዝቡን ማስደሰት የእሷ ተራ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላወቅንም ነበር። በመጨረሻም «ዝም አይነቅዝም» ብለው በአባቶች ተረት አሰሩት። ተረቱን እኔም ስተርተው ኖሬአለሁ። ዝምታ ሲነቅዝ ግን በቤቴ አይቻለሁ፤ ልጄ እህል መቅመስ ትታ ነበር፣ እንቅልፏም ሸሽቷት ነበር፣ እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ሎሚ እገዛላት ነበር።

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሻዩን የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ውጡልኝ ማለት ሲገባኝ ስኳር ይጨመር ወይ እል ነበር። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የማንኪያውን ድምፅ ትሰማለች። ከኀፍረቶቼ ሁሉ ትንሹ የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኛል፤ ይህ ግን ትንሹ አይደለም።

አቶ ፊሽካ ባርኔጣቸውን ረስተው ተመልሰው መጥተው እንደነበር ላያውቁ ይችላሉ። ለልጆቼ እናት እኔ መምጣት አልነበረብኝም አሏት። አንድ ዘመን ፊሽካቸው ከስታዲየሙ አልፎ ገበያው ድረስ ይሰማ የነበረ ሰው ይህን ያሉት ጎረቤት እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ ነው። ሆኖም ብለዋልና ይመዝገብላቸው።

ከሁሉም የማመሰግንዎ ግን በመውጫዎ ላይ ስላደረጉት ነገር ነው። ምክትልዎ ከመኪናው ትልቁን ባነር አውጥተው ሱቄ በር ላይ አኖሩት። ባለፈው እሁድ ነፋስ ጣቱን ቀዶታልና ለፍጻሜው ተሰፍቶ ይድረስልን አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን ስል አላሾፍም። የባነር ሰፊ እኔ ነኝ፣ ባነር ሲቀደድ ወደ እኔ ይመጣል፤ የልጅቷን አባትና የባነሩን ሰፊ አንድ ሰው አድርጎ ማየት ለማናችሁም አልመጣላችሁም። እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነው። ልማድ ሆኖብኝ ተቀብዬ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ስታዲየም ላይም ጣቴን ያነሣሁት በዚሁ ልማድ ነበር።

አራተኛም አለኝ። ክሱ ከተሰማ ወዲህ የጌጣችንን ቁጥር በልጆቻቸው ማልያ ላይ ለማሰፋት የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል፤ ከነሱም ውስጥ የሴት ልጅ አባቶች ይገኙበታል። እኔም ከነሱ አንዱ ስለነበርኩ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ጌጣችን ላይ ይፍረዱበት አልልም፤ ዳኛ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ስታዲየም ሙሉ ሰውም አለው። ልጄ ላይ ግን ቀድመው አይፍረዱባት። ክሷን አታነሣም። ፍርድ ቤት በቀረበች ቀን ከጎኗ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ከመውጫው በር አጠገብ ያለችውን የስታዲየም መቀመጫዬን ጣቱን ከንፈሩ ላይ ማድረግ ላልከበደው ሌላ ሰው ይስጡልኝ። ኀፍረቱን ግን ከእርስዎ ጋር ልካፈለው ዝግጁ ነኝ፤ እስካሁን ብቻዬን ስለያዝኩት ከብዶኛል።

በማይለዋወጥ አክብሮት፣ ወደፊትም ዋንጫ ከዋንጫ እንዲያነሡ፣ ማይክራፎን በያዙም ቁጥር ድምፅዎ ከመውጣቱ በፊት ቤትዎ ያሉት ሴቶች ልጆችዎ ትዝ እንዲሉዎ እየተመኘሁ፣

የዘወትር ደጋፊዎ የነበረው፣
ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ፣
የልጄ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባነሩ ደርሷል። የተቀደደውን ጣት ልጠግን ተቀምጬ ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ ልጄ መጣችና ትንሿን መቀስ አንሥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስፌቱን ከጥፍሩ እስከ መዳፉ ክር በክር ፈታችው፤ ጨርቁን አንድም ቦታ አልጎዳችውም፣ ሙያዋ ነው። ፊቱ እንዳለ ነው፣ ከንፈሩም እንዳለ ነው፤ ጣቱ ብቻ ለብቻው ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ለፍጻሜው ያስፈልገናል የምትሉ ከሆነ ሰው አይላኩ፤ እርስዎ ራስዎ ይምጡና ከእሷ ይቀበሉ። ሱቁ ክፍት ነው፣ እሷም ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣለች።