የእማዬ የብስኩት ጣሳ

ሌዋርደን፣ ኅዳር

ውድ እህቴ ሂልኬ፣

እማዬን የቀበርን ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። "ሲብረን፣ እማዬ እኔ የማላውቀው የምትወስደው ነገር ነበር እንዴ? ማክሰኞ ዕለት ዓይኗ ቀልቶ ነበር" አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ምንም" አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን የምጽፍልሽ ያንን ውሸት ከሆዴ ላወጣው ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ወንድም አለኝ ማለት ትተዪ ይሆናል። እሱንም እያወቅኩ ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሑድ ጎሰ ደወለልኝ። ባልሽ ለወሬ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። "የደም ግፊቴን ለኪልኝ ብላት እጇን ከኋላዋ ደበቀች" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በብስክሌት ቤት ለቤት እየዞርሽ የሰው አዛውንት ስታጥቢ፣ ቁስል ስትጠርጊ፣ መርፌ ስትወጊ የኖርሽው አንቺ! ሥራሽን የለቀቅሽው ደክሞሽ መስሎኝ ነበር። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር ብል ይሻላል። ጎሰ ግን ቁርጡን ነገረኝ። "የእናቴን ስትሮክ ዓይኔ እያየ አልፌዋለሁ፣ ከእንግዲህ በሽተኛ አልነካም ትላለች" አለኝ።

ሂልኬ፣ ስትሮክ አልነበረም።

ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ከገባ በኋላ ሐኪሙ ያዘዘላት ሞርፊን ሆዷን እያደረቀ፣ ራሷን እያፈዘዘ እንዴት እንዳስመረራት ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ በጥቅምት አንድ ቀን እኔን ጠርታ "እስቲ ከዚያ ከሱቅህ ነገር አምጣልኝ" ማለቷን ነው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በተፈቀደ ሱቅ ጋንጃ ስሸጥ አንድም ቀን ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ለጎረቤት "ልጄ ሱቅ ነው የሚሠራው" ብላ ነበር የምታልፈው። አንቺማ በየልደቱ ዘመድ ሁሉ ክብ ሠርቶ በተቀመጠበት "ነጋዴው መጣ" እያልሽ ስታሸማቅቂኝ ኖረሻል። እማዬ አስከትላ "ለሂልኬ ግን እንዳትነግራት፤ ፊቷን ታጠቁርብኛለች" አለችኝ። እሺ አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ የማትችዪው፣ እኔ የምችለው ነገር ተገኘ።

እንግዲህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ "የቱ ይሻለኛል?" ለሚለኝ ደንበኛ ሁሉ ሳስረዳ የኖርኩትን በገዛ እናቴ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ የሚጨሰውን። ጓሮ፣ ብስክሌቶቹ ከሚቆሙበት ዛኒጋባ ወስጄ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና፣ እጄ እንደለመደው ከትምባሆ ጋር ደባልቄ ጠቀለልኩላት። አይ የኔ ነገር! ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት። ሁለቴ ሳበችና ጎኗን ይዛ ስትስል አጥንቷ የተሰበረ መስሎኝ ነፍሴ ወጣች። የጭስ ጥሩነቱ ወዲያው መድረሱ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይሰማሻል፣ በዛብኝ ካልሽም እዚያው ታቆሚያለሽ። ለእሷ ግን ሳሉ ከሕመሙ ባሰ። እንባዋን እየጠረገች "ለዚህ ነው ሰው ተሰልፎ የሚከፍልህ?" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ቀጥሎ ሳያቃጥል የሚያሞቀውን መሣሪያ ወሰድኩላት። እንፋሎት ብቻ ነው፤ እንደ ጭሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ጉሮሮ ግን ብዙም አይቧጥጥም። ወደደችው። ያ ሳምንት ደህና ሳምንት ነበር። ከዚያ ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን መጫን አቃታት፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቧ አልውል። በዚያ ላይ ሽታው መጋረጃው ላይ ቀረ። ማክሰኞ ስትመጪ እንዳታሸቺው ብላ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍታ ኮቷን ለብሳ ተቀምጣ አገኘኋት። አንጀቴን በላችው። የጋንጃውን ዘይትም ሞከርን፣ ከምላስ ሥር ጠብ የሚደረገውን። እሱ በልክ ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሠራል። ነገር ግን በዚያ በደከመ ዓይኗ ጠብታ መቁጠር የት ትችላለች? አንዴ አገጯ ላይ፣ አንዴ ሸሚዟ ላይ ታፈሰዋለች፤ አፏ የገባውንም መረረኝ ብላ ትተፋዋለች። ተውነው።

የቀረው የሚበላው ነበር። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ባንኮኒው ጋ ለሚመጣው ጎረምሳ ሁሉ "ግማሹን ብላ፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ በል፣ ምንም አልተሰማኝም ብለህ እንዳትጨምር" እያልኩ የምለፈልፈው እኔ ነኝ። ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ልክ ረሳሁት ስትዪ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ አይለቅም፤ ተተፍቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዱምከስ ጋገርኩላት። ያንን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን፣ አውራ ጣት የሚያክለውን ብስኩት። ቅመሙ የሣሩን ጣዕም ይውጠዋል፤ አይሸትም፣ ቁልፍ መጫን የለ፣ ጠብታ መቁጠር የለ። "አንድ ብቻ፣ ማታ ማታ፣ ፎቅ ወጥተሽ አልጋሽ ውስጥ ከገባሽ በኋላ" አልኳት። "እሺ ዶክተር" አለችኝ እየሳቀች። አሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አገኘች። አንድ ቀን ጠዋት ደውላ "ዛሬ ነግቶብኝ ነው የነቃሁት" ስትለኝ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ብስኩቱን በሌላ ዕቃ አድርጌ ራስጌዋ ላኖርላት ስል "አይሆንም፣ ሂልኬ አልጋዬን ስታነጥፍ ታየዋለች" አለች። እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ አዲስ ዕቃ ካየሽ ሳትከፍቺው አታልፊም። የማትጠረጥሪው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰማያዊ የብስኩት ጣሳ። አንቺ ስኳር አለብሽ፣ ከውስጡ ቀምሰሽ አታውቂም። ስለዚህ ደህናውን ብስኩት ጨረስንና የኔን ሞላንበት። አንቺ እንደማትበዪ አሰብን እንጂ አንቺ እንደምታቀርቢ አላሰብንም።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደልማድሽ መጣሽ። ቡና ቀዳሽላት። እኛ ቤት ቡና ያለ ብስኩት ቀርቦ ያውቃል? ከመጀመሪያው ስኒ ጋር አንድ ብስኩት፣ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። ከሁለተኛው ስኒ ጋር አንድ ሌላ፣ ክዳኑ ይዘጋል። እንዲህ አድርገን እንድናቀርብ ያስተማረችን ራሷ ናት። ቀብሩ ላይ "ደስ ብሏት ሁለት ስኒ ጠጣችልኝ፣ ብስኩቷንም በላች" ብለሽ ስታለቅሺ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። ለምን አልፈልግም እንዳላለችሽ አላውቅም። ምስጢሯ እንዳይወጣባት ፈርታ ይሆናል። ሕመሙ በርትቶባት፣ ሁለት ቢሆን ምናለበት ብላም ይሆናል። ብቻ በላች። አሥር ሰዓት ላይ ስትወጪ ገና ጀማምሯት ነበር። ዓይኗ የቀላው፣ በሆነ ባልሆነው የሳቀችው ለዚያ ነው። ዋናው የመጣባት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ያን ግድግዳ የመሰለ ደረጃ ብቻዋን ልትወጣ ሞከረች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ደረጃው ሥር አገኘኋት። ትተነፍስ ነበር። አምቡላንስ ጠራሁ፤ እስኪደርሱ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው። ያችን አሥራ አንድ ደቂቃ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እጇን ይዤ አልተቀመጥኩም፣ ሂልኬ። ጣሳውን አውጥቼ የቀረውን ብስኩት ሽንት ቤት ጨመርኩና ውሃ ለቀቅኩበት። ጣሳውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቦታው መለስኩ። ከኮሪደሩ ስታቃስት ይሰማኝ ነበር። አንዴ ስሜን የጠራች መሰለኝ። "መጣሁ እማዬ" አልኩና ክዳኑን ማድረቄን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞተች።

ስለ ዓይኗና ስለ ሳቋ ለሐኪሙ ስትነግሪው "ምናልባት ከመውደቃቸው በፊት ትንሽ ስትሮክ መትቷቸው ይሆናል" አለሽ። እሱ ምናልባት ያለውን አንቺ በራስሽ ላይ ፍርድ አደረግሽው። አጠገብሽ ነበርኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም።

አሁን በማን እጅ እንደበላችው አወቅሽ። "ይህን እንዳታውቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ ያዳንኩት ራሴን ነው። አንቺ ለእናትሽ ቡናና ብስኩት ሰጠሽ። በብስኩቱ ውስጥ ያለውን የጨመርኩት እኔ፣ ምልክት ያላደረግኩበት እኔ፣ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ያየሽውንም በትክክል ነው ያየሽው፤ ከዓይንሽ ያመለጠ ነገር አልነበረም። ሱቁን እንኳ አልለቀቅኩም። ዛሬም ባንኮኒው ጋ ቆሜ "ሁለት ሰዓት ጠብቅ" እላለሁ፤ ድምፄን ስሰማው ይቀፈኛል።

ራሴን አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ወር ሙሉ ኪሴ ውስጥ ላዞረው እችላለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ሌላ ጻፍኩ፣ ለእማዬ ሐኪም፣ ግልባጩን ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ለቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ። ያበላኋትን፣ የደበቅኩትን፣ ያጠብኩትን ሁሉ ዘርዝሬ ስሜንና ፊርማዬን አኖርኩበት። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከትቼው መጥቼ ነው ያንቺን የጀመርኩት። አሁን ብፈራም መመለሻ የለኝም።

ማሪኝ አልልሽም። ፖሊስ ከጠራኝ እሄዳለሁ። አንቺ ዘንድ ግን እስክትጠሪኝ ድረስ አልመጣም። ካልጠራሽኝም፣ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ
ሲብረን