ያላረፉት ሲጋሮች

ሳንቼስ ወደብ፣ በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህስ? ልጆቹ ትምህርታቸውን ይዘዋል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ አባባ ሁለት ትራስ ደራርበህ ነው ለሥራ የምትቀመጠው? እኛ ከዝናቡና ከመብራቱ መጥፋት በቀር ክፉ አላገኘንም። ባለቤቴ በባሕሩ ላይ ሲያማርር ይውላል፤ ሽሪምፑ ዘንድሮ ወዴት እንደገባ የሚያውቀው የለም። አማቴ ዶኛ ኤርሚንያ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነጫነጩ ደህና ናቸው። እኔም የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፋሁ ደህና ነኝ። የአባባን ነገር ለብቻው እጽፍልሃለሁ፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ለዚሁ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የቤታችን ግድግዳ ሳንቃ ነው፤ ስልኩ ያለውም ከአባባ አልጋ ወዲያ ማዶ ነው። ሰውነታቸው ከዳቸው እንጂ ጆሯቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጆሮ ነው። ስለዚህ ይህን በሹፌሩ በኔኖ እጅ ልኬልሃለሁ። ነገ ወደ ሳንቲያጎ ሲወጣ ታምቦሪል ድረስ ገብቶ በእጅህ እንደሚሰጥህ ምሎልኛል። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ባለፈው እሁድ ስልኩን ስትዘጋብኝ አልተቀየምኩህም። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ምናልባት ቀደም ብዬ እዘጋው ነበር። የሲጋር ፋብሪካው አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ አባባ የመጀመሪያ ሲጋርህን በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደው፣ የውስጡን ቅጠል ዘርግተው ስህተትህን ሲያሳዩ የተሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ስንት ሺህ ሲጋር ጠቀለልክ፤ አንድም ቀን ግን ፊታቸው አላቀረብክም። አሁን በሕመማቸው ሰዓት ሲጋሮችህን በወረቀት ጠቅልለህ፣ በሪባን አስረህ ስትልክ፣ የላክኸው ትምባሆ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ቤት ያልገባው ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ነው የፈለግኸው። እኔም ያቺን ቃል ከአባባ አፍ ተቀብዬ ላደርስልህ ነበር ሐሳቤ።

ጥቅሉ የደረሰ ዕለት የሆነውን በደንብ አልነገርኩህም። ሪባኑን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ፈቱት። አንዱን ሲጋር አንስተው በሁለት ጣታቸው መሐል ከሚለኮሰው እግሩ አፍ እስከሚይዘው ቆቡ ድረስ እየተጫኑ ሄዱ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ሌላውን። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ከአልጋው ሥር ያለውን የዝግባ ሳጥናቸውን አስወጡኝ፣ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ አስጠረጉኝ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አስተኟቸው። ባለቤቴ ክብሪት ይዞ ቆሞ ነበር። አባባ ክብሪቱን አይተው፣ ከመንገድ የመጣ እንግዳ ገና በሩን ሲገባ ጉዳዩ አይጠየቅም አሉት። ትኩስ ሲጋር ወይ የዚያኑ ቀን ከጠረጴዛው ላይ ተነስቶ ይጨሳል፣ ወይ ሳጥን ውስጥ ወራት ይተኛል፤ በመሐሉ የታመመ ነው፣ በታመመ ላይ ደግሞ አይፈረድም አሉ። ይህን ሕግ አንተም ከሳቸው ተምረኸዋል። ስለዚህ ደስ ነበር ያለኝ። አክብረውልሃል ማለት ነው ብዬ።

በዚያው ሳምንት ሐኪሟ መጣች። ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘኋትና ከምግብ ምን ልከልክላቸው ብዬ ጠየቅኋት። ከእንግዲህ የሚከለከል ነገር የለም አለችኝ። ጨው? ጨውም። ሲጋርስ ስላት ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ ሲጋርም ቢሆን አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያን ሳጥን ባየሁት ቁጥር ቀን እቆጥራለሁ። ለሲጋሮቹ ለማረፍ ወራት ይበቃቸዋል። ለአባባ ግን ወራት የሰጣቸው የለም።

ለመንኳቸው። አንዱን ብቻ፣ ግማሹን ብቻ አልኳቸው። ልጄ የላከልኝን እንደ ሌባ ተጣድፌ አላጨስም አሉኝ። ጎረቤታችንን ዶን ቶዮን ታስታውሳቸዋለህ፤ ጡረታ የወጡት የጉምሩክ ሰው። በየቀኑ ዶሚኖ ሊጫወቱ ሲመጡ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ነው። «ሲጋር ነው ወይስ ሙሽራ? ጫጉላ ቤት አስገብተህ ቆለፍክባቸው እኮ!» ይሏቸዋል። አባባም ሙዝ እንኳ ሳይበስል የሚበላ ሰው ስለ ማረፍ ምን ያውቃል ብለው ይመልሱላቸዋል። እንዲህ እየተሰዳደቡ ሲውሉ ቤቱ ጤነኛ ቤት ይመስላል።

በየጠዋቱ ሳጥኑን ያስከፍቱኛል። ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። የትኩስ ትምባሆ የበረት ሽታቸው ገና አልለቀቀም ይሉና ያስዘጉኛል። እኔ ትምባሆ አላውቅም፤ ሳሸት ግን የበረት ሽታ አልሸተተኝም። ዕውቀት ባይኖረኝ ነው ብዬ አለፍኩት። እሁድ አንተ ስትደውል ከአልጋቸው ሆነው «ገና አላረፉም በይው!» ብለው የጮኹትም ይህንኑ ነበር። አንተ ግን የሰማኸው ሌላ ነው። አሁንም አልበቃሁም ማለት ነው አልከኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሲጋሬን ሆድ እንዲቀዱት አይደለም የላክሁላቸው፣ ከእንግዲህ አልደውልም ብለህ ዘጋህ። አባባ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ሰላም ብሏችኋል፣ ልጆቹ እየረበሹት ነበር አልኳቸው።

ሰኞ ዝናቡ ጀመረ። ዝናብ እዚህ ሲጀምር ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። ዶኛ ኤርሚንያ አባባ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሳጥኑን አንስተው፣ ከቤቱ ሁሉ ደረቅ ነው ወዳሉት ቦታ ወሰዱት። ለቅዱስ ሳምንት የተገዛው የደረቀ ዓሣ በጨው ተነስንሶ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ሻጋታ አያስደርስባቸውም ብለው ነው። ሲጋር መተንፈስ አለበት ሲባል ሰምተው ደግሞ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ተዉት። በማግስቱ አባባን ሲያተኩሳቸው ስለዋለ ሳጥኑን አልጠየቁም። ሴትዮዋን አትቀየማቸው ወንድሜ። በዚህ ቤት ለዚያ ሳጥን ከሳቸው የበለጠ የተጨነቀለት ሰው የለም።

ትናንት ጠዋት አባባ ሳጥኑን አምጪ አሉኝ። ቁም ሣጥኑን ስከፍት የወጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰኝ። ሳጥኑን ሳወጣው ሽታው አብሮኝ ወጣ። ዝግባው ጠጥቶታል፤ ሲጋሮቹም ጠጥተውታል። የወደብ መጋዘን በቀትር ሲከፈት ታውቀዋለህ? እንደዚያ ነው። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳላስብ አባባ እጃቸውን ዘረጉ። ዶኛ ኤርሚንያ በሩ ላይ ቆመው መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አባባ ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው ሳቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የበረት ሽታው ለቋል። ዝግባው እየገባባቸው ነው።»

እኔም ክዳኑን ዘጋሁት።

ዶኛ ኤርሚንያ ወደ ጓሮ ወጥተው አለቀሱ፤ ያለቀሱት ግን ሲጋሩን ስላበላሹ ብቻ አልነበረም። እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ወተቱ ገንፍሎ ቤቱን ጭስ ሲሞላው አባባ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቀና እንኳ እንዳላሉ ትዝ አለኝ። ያኔ ሐሳብ ይዟቸው ነው ብዬ ነበር። አባባ እኮ ዓይናቸው ታስሮ ቅጠሉ ከወንዙ ከየትኛው ዳርቻ እንደመጣ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ነጋዴው ሁሉ የትምባሆውን እስር ሳይፈታ በፊት የሚያየው የሳቸውን ፊት ነበር። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ብቻ በየጠዋቱ «ገና ነው» ሲሉ የከረሙት ስለ ሲጋሮቹ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አፍንጫ እንደሆነ ትናንት ገባኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዱን አውጪ አሉኝ። ስንት ጊዜ የለመንኳቸው እኔ፣ ገና አላረፉም አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ አልኩ። ሳቁብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ ማየቴ ነው። ደረቴ አይስብም፣ አንቺ አጭሺው እኔ ልይ አሉ። በዕድሜዬ ሲጋራ እንኳ አጭሼ አላውቅም። ቆቡን ራሳቸው ቆረጡት፤ ምላጩ ትምባሆው ላይ ሲያርፍ እጃቸው እንደ ድሮው ቀጥ አለ። እሳቱን አራቅ አድርገው እያዞሩ ለኮሱልኝና ሳቢ፣ ግን አትዋጪው አሉኝ። ሳብኩ። ምላሴ ላይ የመጣውን አልነግርህም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለጀማሪ እንዲህ ነው አሉኝ።

ወንበራቸውን አስጠግተው እሳቱን ብቻ ነበር የሚያዩት። በአንድ ወገን ቀድሞ እንዳይሄድ አዙሪው ይሉኛል፤ ቀስ በይ፣ አታጣድፊው ይሉኛል። አመዱ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ ምን ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ዝግባ ዝግባ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ የተቆላ ኮኮነት አልኩ። ወደ እሳቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

በዚህ መሐል ዶን ቶዮ የዶሚኖ ሳጥናቸውን በብብታቸው ይዘው ከች አሉ። ገና ደጃፉ ላይ ሆነው፣ «ዶኛ ኤርሚንያ፣ ዓሣውን ከአሁኑ ጀመራችሁት እንዴ? መንገድ ድረስ ይሸታል!» አሉ።

ዶኛ ኤርሚንያ፣ አዎ፣ ለነገ ነው አሉ። ምድጃው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ድስቱ ታጥቦ ላዩ ላይ ተደፍቷል። አባባ ምድጃውን አዩ፤ ቀጥሎ ቁም ሣጥኑን አዩ፤ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን አዩ። ሲጋሩን መጣልም ማጨስም አልቻልኩም፤ ይዤው ቀረሁ። አባባ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰድ አድርገው፣ እንደገና ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ዶን ቶዮም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ደንግጠው ይሁን፣ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

አባባ ነበሩ ቀድመው የተናገሩት። «ቶዮ፣ ና ተቀመጥ። አመዱን እይ» አሉ።

በሁሉ የሚቀልዱት ሰውዬ ሳይቀልዱ ጎንበስ ብለው አዩ። አመዱ ነጭ ነበር፤ እንደ ጣቴ ረዝሞ፣ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቆሟል አሉ ዶን ቶዮ፣ ቀስ ብለው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ የሚቆመው ውስጡ በወጉ ሲደረደር ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሌላውን አላውቅም» አሉ።

ከዚያ አስተኚኝ አሉ። ሌሎቹ ይረፉ፣ ማንም እንዳይከፍታቸው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህን ስጽፍልህ እንደዚያው ናቸው፤ ይተኙ አይተኙ አላወቅሁም። ዶኛ ኤርሚንያ ሲጋሮቹን ሰገነት ላይ አስጥተን ሽታውን እናስወጣው ይሉኛል። አይወጣም አልኳቸው። ምን እንደማደርግ አላውቅም ወንድሜ። አዲስ ላክ እንዳልልህ መቼ ደርሶ መቼ ያርፋል? ና እንዳልልህ ፋብሪካው ለፋሲካ ትዕዛዝ ማንንም እንደማይለቅ ነግረኸኛል። እውነቱን ልንገራቸው ብል እውነቱን ያውቁታል። ዝም ልበል ብል ደግሞ ሲተነፍሱ እንኳ በሳንቃው በኩል ይሰማኛል።

ከእንግዲህ አልደውልም ያልከውን ግን እባክህ አንሳው። እሁድ ደውል፤ ስልኩን አልጋቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ። ስለ ጣዕሙ አትጠይቃቸው። ስለ ሽታውም አትጠይቃቸው። አባባ፣ አመዱ ቆመ ወይ ብለህ ጠይቃቸው። ከዚያ ዝም ብለህ አድምጣቸው፤ ቢረዝምም አታቋርጣቸው።

የትምባሆ ሠሪዎች የቅጠሉ እናት የሚሏት ቅድስት ድንግል እጆችህን ትባርክ። እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ መንገድ ከፍቶ ያገናኘን።

ታላቅ እህትህ