እትዬ ደወል ዝም ያለች ሰሞን

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን
ከምሳ በኋላ

የኔ ሆድ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ ደህና ነው? ያ ብርድ ለቀቃችሁ ወይስ ዛሬም ካፖርት ደርባችሁ ነው የምትተኙት? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ከጉልበቱ በቀር ምንም አላለም፤ አሁንም ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ እያንኮራፋ ነው፣ ቢቀሰቅሱት ግን "እያነበብኩ ነው" ይላል። ይህን ደብዳቤ የባልሽ የአክስት ልጅ ሰኞ ሲነሳ ይዞልኝ ይመጣል። ሹራቡንም አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ክሩ ተርፎኛል፣ ምን እንደምሠራበት ገና አልወሰንኩም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ ማን እንደሚያወራና ማን "እሺ እማ፣ እሺ እማ" እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን። በደብዳቤ ግን እኔ ጨርሼ ዝም ስል ተራው ያንቺ ነው። ሰሞኑን የተማርኩትም ይህንኑ ነው። አዎ፣ እናትሽ ዝም ማለት ተማረች። አባትሽ እስኪበቃው ስቋል፤ አንቺም ሳቂና ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤታችን ጥቂት ሠራተኞች ተመርጠን ስለ ልጆች ጥበቃ ሥልጠና ገባን። ልጅ ሲጎዳ፣ ሲፈራ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲቀር በምን እንደሚታወቅ፣ ሲናገርስ እንዴት እንደሚደመጥ ማለት ነው። እኔ በዩኒት መሪነቴ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ጸሐፊዋና የበሩ ጥበቃ ነበርን። ከከተማው ደግሞ ሶሻል ወርከሮች መጥተው ከእኛ ጋር ተደባልቀው ተቀመጡ። ከአጠገቤ የደረሰችኝ አንቺን የምታክል፣ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ወዲያው ወደድኳት።

አሠልጣኙ ሲናገር ድምፁ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ የግቢው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ጀምሮ የጠዋቱን ሰልፍ የማስይዘው በጉሮሮዬ ነው፣ ልጆቹም እትዬ ደወል የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። አባትሽማ አንድ ጆሮዬን ያደከመችው እሷ ናት እያለ ለሐኪም ሳይቀር ከሶኛል።

በመጀመሪያው ቀን መልመጃ ተሰጠን። የሒሳብ መምህሩ የተጨነቀ ልጅ ሆነ፣ እኔ የምታነጋግረው ሠራተኛ ሆንኩ። አጎንብሼ፣ "ምን ሆንክ ልጄ? መቱህ? ማነው የመታህ? አባትህ ነው አይደል? ንገረኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልናገርም" አልኩት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። መምህሩ፣ "እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ጥያቄው አልፎኝ ሄደ" አለ። አሠልጣኙ ሳይቆጣ፣ "እትዬ፣ ያልተናገረውን እርስዎ ነገሩት፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ብለው ደግሞ የማይጠብቁትን ቃል ገቡለት" አለኝ። እኔ ዕድሜዬን በልጅ መሀል የኖርኩት ሴትዮ ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ ወዲህ የተማርነው ሲናገሩት ቀላል ነው። ዝቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ። "ንገሪኝ እስቲ" ትያለሽ። ከዚያ ዝም። ቃል በአፏ አትጨምሪም። ለማንም አልናገርም አትያትም፣ ሊረዷት ለሚችሉት መንገር ግድ ነውና፤ ለማን እንደምትነግሪ ግን አስቀድመሽ ታሳውቂያታለሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ ጭንቀቱን ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይናገር። እየዞረ ለሁሉ እንዲደጋግም ማድረግ ሌላ ጉዳት ነው።

ዝምታውን ያጠናሁት በአባትሽ ላይ ነው። አንድ ምሽት፣ "ዛሬ እንዴት ዋልክ? ንገረኝ እስቲ" ብዬ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አየኝ። አየሁት። "አሞሻል?" አለ። ዝም። "ተቀየምሽኝ እንዴ?" አለ። ዝም። ምስኪን፣ የጎረቤቱን መሰላል ተውሶ እንደሰበረ፣ ሐኪም የከለከለውን ስኳርም በድብቅ እንደሚልስ አንድ በአንድ ተናዘዘ። ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ አድራሻውን እነግርሻለሁ ብላለች ብለሽ ባልሽን አስጠንቅቂው።

ትምህርት ቤት ስመለስ ጩኸት ተውኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄን አነሳለሁ፣ ልጆቹም ግራ እየገባቸው ቀስ እያሉ ይሰለፋሉ። ዳይሬክተሩ፣ "ዛሬ ገና ሰላም አየን" አለኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አሁን ስለ ወላቃዬ ልንገርሽ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ስለወለቁ ነው እንዲህ የምላት። ዝምተኛ ናት። በዚያው እኛ ከሥልጠና በተመለስንበት ሳምንት ሁኔታዋ ተለወጠ። ክፍል ውስጥ ዓይኗ ከመስኮቱ አይነቀልም፣ በረፍት ሰዓት ዳቦዋን ሳትበላ ኪሷ ትከታለች፣ ወደ ጓሮው አጥር እየሮጠች ትጠፋለች። ምልክቱን ለማየት ሠልጥነን የለ፣ ሁላችንም አየነው። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ጠዋት ከአጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ "ንገሪኝ እስቲ" አላት። ጉልበቱ አልነሳም ብሎ ጥበቃው መጥቶ ጎትቶ አነሳው። ጥበቃው በበኩሉ በሩ ላይ አስቁሞ፣ "ንገሪኝ እስቲ" አላት። ጸሐፊዋ ቢሮ አስገብታ ከረሜላ ይዛ፣ እኔም በረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር። አንዳችን ለሌላችን አልነገርንም፣ ምስጢር መጠበቃችን ነው። ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሰው ወደ እሷ ጎንበስ ባለ ቁጥር ልጅቷ መሮጥ ጀመረች። መምህራን ክፍል ውስጥ መምህሩ፣ "ዛሬ ያቺን ልጅ ጠየቅኳት" ሲል፣ ጸሐፊዋ "እኔም"፣ ጥበቃው "እኔም" አሉ። እኔ አፌን ያዝኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ የተባለውን በአንድ ቀን አራት ሆነን አፈረስነው።

ለዚያች ጫማዋን ለምታወልቀው ሶሻል ወርከር ደወልኩ። በማግስቱ መጣች። ስለ መምህሩ ጉልበት ስትሰማ ሳቀች፣ ስለ ልጅቷ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። "ትምረጥ" አለች። "ማን እንዲያዳምጣት እንደምትፈልግ እሷ ትምረጥ፣ ሌሎቻችሁ ተዉአት።" ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ለስላሳ ሰው መሀል እኔን መረጠች። እትዬ ደወልን።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ሶሻል ወርከሯ ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። "ንገሪኝ እስቲ" አልኳት። ልጅቷ፣ "መጀመሪያ ለማንም አልናገርም ይበሉኝ" አለች። አንጀቴን በላችው። አፌ ላይ የመጣው "ሞቼ ነው የምናገረው" የሚል ነበር፣ ዋጥኩት። "እንደሱ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ሳልነግርሽ ለማንም አልነግርም" አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። ወንበሩ ጎኔን እየቆነጠጠኝ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ እየተገላበጠ ዝም አልኩ። የመደርደሪያውን መጻሕፍት ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣

"እትዬ፣ ለምን መጮህ ተዉ?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቅኩም።

"እርስዎ ጠዋት ሲጮሁ ቤታችን ድረስ ይሰማል" አለች። "ወንድሜ እርስዎን ሲሰማ እኔ እዚህ መሆኔን ያውቃል፤ አያለቅስም። አሁን ስለተዉ ያለቅሳል።"

ቤታቸው ከአጥሩ ጀርባ ነው። እናታቸው ኦፕራሲዮን ልትሆን ሆስፒታል ገብታለች። ታያችኋለች የተባለችው ጎረቤት የራሷ ሰው ታሞባት ወደ ሩቅ አገር ሄዳለች። ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ ከውጭ ተቆልፎበት ይውላል፤ ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ከዩኒፎርሟ ሥር ነበር። ዳቦው የእሱ ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ታደርስለታለች። እናትየው ሁሉን ለጎረቤቷ ትታ መሄዷ ነው፣ የሆነውን አታውቅም። ልጅቷ ደግሞ ከተሰማ ወንድሜን ወስደው ይለያዩናል ብላ ፈርታ ሆድ ይፍጀው ብላለች። የፈራችው ረሃቡን አይደለም፣ መለያየቱን ነው።

"ለዚህች እህትሽ ልንገራት?" ብዬ ወደ ሶሻል ወርከሯ አሳየኋት። ሰምታለችኮ፤ ግን ቃሌ ቃል ነው። ልጅቷ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሶሻል ወርከሯ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችላትና፣ "እናንተን ላለመለያየት የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። የማደርገውን ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ አንቺ ትሰሚያለሽ" አለቻት። አትለያዩም አላለቻትም፣ ገና አታውቅማ። እኔ ብሆን ስንት ጊዜ ምዬ ነበር።

ወዲያው ተነስተን ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ልጅቷ እጄን ያዘች። "ሰው ሲያይ እንዳይደነግጥ መጀመሪያ ይጩሁለት" አለችኝ።

ልጄ፣ ጮኽኩ። የከረመውን ሁሉ አውጥቼ፣ "ሰልፍ! ሰልፍ ያዙ!" ብዬ ጮኽኩ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከተዘጋው በር ውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ፣ "ደወልዬ!" አለ። ልጅቷ በዚያ በወላቃ ጥርሷ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላዬ ደግሞ ትርምስ ሰማሁ። ዞር ስል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከክፍል ወጥቶ ተሰልፏል፣ የሒሳብ መምህሩም ጠመኔውን እንደያዘ ከፊት ቆሟል። ዳይሬክተሩ ያገኘው ሰላም እዚያ ላይ አበቃ።

የቀረውን ሶሻል ወርከሯ ሠራችው። ሆስፒታል ሄዳ ለእናትየው ቀስ ብላ ነገረቻት፣ የእናትየውንም ታላቅ እህት አፈላልጋ አገኘች። አክስትየዋ እስክትመጣ ሁለቱም ልጆች ለእንዲህ ያለ ጊዜ በተዘጋጀ ቤተሰብ ዘንድ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ አደሩ። ይህንን ለወላቃዬ የነገረቻት ለእኛ ከመናገሯ በፊት ነው። እናትየው ትናንት በእግሯ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ከስታለች፣ ግን ድናለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፣ ጥበቃውም አቧራ ገባብኝ አለ።

ወንድምየው አሁን የእኛው መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አብሮኝ ይጮሃል፤ ምትክ አገኘሁ ማለት ነው። አሠልጣኙ ለክትትል በመጣ ጊዜ፣ "ልጅ ሲያወራ ዝም እላለሁ፣ ሰልፍ ላይ ግን እጮኻለሁ፣ ባለጉዳይ አለብኝ" አልኩት። እሱም በዚያ በማይሰማ ድምፁ፣ "ይጩሁ" አለኝ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ነገር። ምልክት አስተውሉ፣ ግን አትደምድሙ ተብለናል። ስለዚህ አልደመድምም። ባለፈው ስንደዋወል ሎሚ እየላስሽ ነበር፤ ሎሚ ትጠይ ነበር፣ ሰው ይለወጣል። ከዚያ በፊት ባልሽ በቀትር "ተኝታለች" አለኝ፤ ድካም ይሆናል። እንደዋዛም በስንት ወርሽ እንደሄድሽ፣ ስወልድሽም ክብደትሽ ስንት እንደነበረ ጠየቅሽኝ። ያኔ እኔ ስለ ቧንቧው ብልሽት እያወራሁ ስለነበር አለፍኩት። አሁን ግን አላልፈውም። ቃልም በአፍሽ አልጨምርም።

ንገሪኝ እስቲ።

ለማንም አልናገርም ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ለማን እንደምነግር ከወዲሁ ላሳውቅሽ፤ መጀመሪያ ለአባትሽ፣ በደህናው ጆሮው በኩል። ቀጥሎ ለአክስትሽ። ከዚያ ጠዋት ሰልፍ ላይ እወጣለሁ።

እስከዚያው ጤናሽን ይስጥልኝ፣ የምትበይው ይስማማሽ፣ እንቅልፍሽ የጣፈጠ ይሁን፤ ባልሽንም ያቆይልሽ። ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ይህን ለማንኛውም ሰው ነው የምመክረው።

ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝም ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

እናትሽ፣
እትዬ ደወል