ጎመን ዘር የቀበርንበት ማሳ

ግንቦት 9
ዛሬም ያው ሥራ። የጎመን ዘሩን ተክል ከነቅጠሉ እርጥቡን ከትፈን ከፍግና ከአመድ ጋር ቀበርን። ሰፈሩ ይስቃል... "ዙለይሃ አፈሩን ጎመን ክትፎ ጋበዘችው" ይላሉ አሉ። ይሳቁ። አምና በርበሬዬ በአጠውልግ በሽታ ቆሞ ሲደርቅ የሳቀ አልነበረም። የግብርና ባለሙያዋ ሰሚሃ፣ ሲበሰብስ የሚወጣው ሽታ አፈር ውስጥ ያለውን በሽታ ያዳክማል ብላኛለች። "ያዳክማል እንጂ አይጨርሰውም" ማለቷን ግን ለልጄ ለነጅዋ አልነገርኳትም። ፓስፖርት አውጥታለች። "ዘንድሮም ከደረቀ ዓረብ አገር እሄዳለሁ እማ።" ምን ልበላት?

ሐምሌ 6
ችግኝ ተከላ። ወንፈል ነው፤ ትናንት የጎረቤታችን የጋሽ አምሳሉ ማሳ፣ ዛሬ የእኛ። የእሳቸውም በርበሬ አምና ደርቋል። የሁሉም ዶማ የዚያን ማሳ ጭቃ እንደያዘ መጣ። ክው አልኩ። ባልዲና በረኪና ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ።
"ዶማችሁንም እግራችሁንም ሳታጥቡ እንዳትገቡብኝ።"
ባልዲውን ወደፊት ገፋሁላቸው።
"ዙለይሃ፣ እኔ መቼ ነው የረከስኩብሽ?" አሉ ጋሽ አምሳሉ።
"ወላሂ፣ አፈሩን ነው እንጂ አንቱን አይደለም።"
"ያው ነው።" ዶማቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሌሎቹ ታጥበው ገቡ። ባሌ ሙዘይን ቀና ብሎ አላየኝም... አብሮ አደጉ ናቸው። ለልጄ ብዬ ጎረቤት ላጣ ነው?

ሐምሌ 15
ጋሽ አምሳሉን ሐይቅ ከተማ ገበያ አገኘኋቸው። ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ነሐሴ 19
ያ ረብ! ከመንገድ በኩል ያለው መስመር ጠወለገ። አንዱን ነቅዬ ግንዱን ሰነጠቅኩት... ውስጡ ቡናማ። ነጅዋ አየችው። ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ግን ማን አመጣው? ሁሉም ታጥበው ነው የገቡት።
ሙዘይን ማታ ተናገረ። ለካ በተከላው ማግስት ይቅርታ ሊጠይቅልኝ ሄዶ፣ ለጋሽ አምሳሉ የውሃ መውረጃ ሲቆፍር ውሏል። ሲመለስ በዚያው በጭቃ እግሩ ያንን መስመር ረግጦ ነው የገባው...
"ሰው ይበልጣል ብዬ ነው" አለኝ።
ልጮህበት ነበር።  የጠወለገውን ነቅለን አቃጠልነው።

መስከረም 22
አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው ቆሟል። እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ ጠውልጓል፣ አልክድም። የጋሽ አምሳሉ ግን ከግማሽ በላይ ደረቀ። ዛሬ ማሳችን ዳር ቆመው ብዙ ተመለከቱ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... አላለኝም። ነጅዋ ሄዳ አናገረቻቸው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ተመልሳ ቅጠል እያገላበጠች፣ "እማ፣ ለከርሞ በእሳቸውም ማሳ ጎመን ዘር እኔ እቀብርላቸዋለሁ። አብዝተን እንዝራ" አለችኝ።
ለከርሞ አለች።
ስለ ፓስፖርቱ አልጠየቅኳትም። እንባዬን እንዳታይ ጎንበስ ብዬ አረም ነቀልኩ።